ግድቡ ቆሟል፣ ከተማው የለም

መስከረም 28 ቀን 1956 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር። በሰሜን ጣሊያን፣ በፒያቬ ወንዝ ዳር ባለችው ሎንጋሮኔ ከተማ ቡና ቤቶቹ ጢም ብለው አምሽተዋል። ሪያል ማድሪድ ከስኮትላንዱ ሬንጀርስ ጋር ለአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ የሚያደርገው ጨዋታ በቴሌቪዥን ይታይ ነበርና፣ ቤቱ ቴሌቪዥን የሌለው ሰው ከየመንደሩ ወርዷል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ላይ፣ ከከተማዋ ትይዩ ካለው ጠባብ ገደል በስተጀርባ፣ የአንድ ተራራ ጎን ተገምሶ ሐይቅ ውስጥ ገባ። ከአራት ደቂቃ ገደማ በኋላ ሎንጋሮኔ የምትባል ከተማ አልነበረችም።

1,917 ሰው አለቀ። ከእነዚህ 487ቱ 15 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ነበሩ።

ሐይቁን የገደበው የቫዮንት ግድብ ግን አልፈረሰም። ጫፉ ላይ ትንሽ ተቦድሶ ዛሬም እዚያው ቆሟል። የቫዮንት ታሪክ ከሌሎቹ የግድብ አደጋዎች ሁሉ ተለይቶ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ኮንክሪቱ የተሠራበትን ሥራ ሠርቷል። የከዳው ሌላ ነገር ነው።

እኔ የግድብ ወዳጅ ነኝ። ለህዳሴው ግድብ እንደ ማንኛውም ደመወዝተኛ አዋጥቻለሁ፣ ቦንድ ገዝቻለሁ፤ በ2017 ጳጉሜን ሲመረቅም በደስታ ካለቀሱት አንዱ ነበርኩ። ስለ ግድብ አደጋ አጥብቄ የማነበውም ከዚሁ ፍቅር የተነሣ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ አደጋው የደረሰበት ቀን በዚያ አቆጣጠር ጥቅምት 9 ቀን 1963 ነው።)

ቫዮንት በዶሎሚቲ ተራሮች አካባቢ የሚወርድ፣ ለፒያቬ የሚገብር ትንሽ ወንዝ ነው። መውጫው ላይ ያለው ገደል እጅግ ጠባብና ጥልቅ በመሆኑ፣ ግድብ ለሚሠራ ሰው ሆን ተብሎ የተሰናዳ ይመስላል። ሳዴ የተባለው የቬኔትያ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ቦታውን ለብዙ ዓመታት ሲመኘው ኖሮ፣ በ1943 አገሪቱ በጦርነት በምትታመስበት ሰሞን፣ ምልዓተ ጉባኤው ባልተሟላ ስብሰባ ይሁንታ አገኘ። ግንባታው በ1957 ተጀመረ። ኢንጂነር ካርሎ ሴሜንዛ የነደፈው ይህ ግድብ 261.6 ሜትር ከፍታ ነበረው፤ በዘመኑ በዓለም ላይ ከነበሩት ባለ ቅስት ግድቦች የሚስተካከለው አልነበረም። ዓይነቱ የእኛው የተከዜ ግድብ ዓይነት ነው፤ ወደ ውኃው የጎበጠ ስስ ግንብ፣ የውኃውን ግፊት ተቀብሎ ግራና ቀኝ ላለው ቋጥኝ የሚያስረክብ። አናቱ ላይ ውፍረቱ አራት ሜትር አይሞላም። ያን ሌሊት የደረሰበትን ግፊት መቋቋሙን ሳስብ፣ ለነደፉትና ላቆሙት እጆች ያለኝ አክብሮት አይቀንስም።

መከራው የተደበቀው ከግድቡ ጀርባ፣ ከሐይቁ በስተደቡብ ባለው ተራራ ውስጥ ነበር። ተራራው ቶክ ይባላል። የኤርቶና የካሶ መንደር ሰዎች እዚያ ከብት ያሰማራሉ፣ ሣር ያጭዳሉ፣ ያርሳሉ። መሬቱ የማይታመን መሆኑን ከአያት ከቅድመ አያት ሲሰሙ አድገዋል። ሐይቁ ሊሞላ ነው ሲባል ገና ከመነሻው ፈሩ። ፍርሃታቸው ባዶ አልነበረም። በመጋቢት 1959 በአጎራባቹ ሸለቆ፣ በዚያው ኩባንያ የተሠራው የፖንቴዜይ ግድብ ሐይቅ ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አፈርና ድንጋይ ተናደና ያስነሣው ሞገድ አንድ ሠራተኛ ገደለ። የኤርቶ ሰዎች ይህን ሰምተዋል። ማኅበር አቋቁመው ለሚመለከተው ሁሉ አቤት አሉ። የሚመለከተው ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ያዳመጠቻቸው አንዲት ሴት ናት። ቲና ሜርሊን ትባላለች፤ በዚያው በቤሉኖ አውራጃ ከተራራ ገበሬ ቤተሰብ ተወልዳ፣ ገና በልጅነቷ ሚላኖ ከተማ በሰው ቤት ሠራተኝነት ተቀጥራለች። በጦርነቱ ጊዜ ከፋሺስቶች ጋር ለሚዋጉት አርበኞች መልእክት ታመላልስ ነበር። በኋላ ሉኒታ ለተባለው የኮሚኒስት ፓርቲ ጋዜጣ የአውራጃው ዘጋቢ ሆነች። ጂኦሎጂ አልተማረችም። የሠራችው ነገር ቢኖር ኤርቶ ድረስ እየወጣች ገበሬዎቹን መጠየቅ፣ ያሉትን መጻፍ ነው። በግንቦት 1959 ስለ ሕዝቡ ስጋትና ስለ ኩባንያው ማንአለብኝነት ጻፈች፤ «ሐሰተኛ ወሬ በመንዛት የሕዝብን ጸጥታ አውከሻል» ተብላ ተከሰሰች።

ክሱ ሚላኖ በሚገኝ ፍርድ ቤት ሳለ፣ ጥቅምት 1960 አልቆ ኅዳር እንደገባ በአራተኛው ቀን፣ ከቶክ ተራራ 700 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ወደ ሐይቁ ተናደ። ከላይ በተራራው ጎን ላይ ደግሞ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ስንጥቅ ተከፈተ። በዚያው ወር መጨረሻ የኤርቶ ገበሬዎች ሚላኖ ድረስ ሄደው መሰከሩላት፣ ፍርድ ቤቱም በነፃ አሰናበታት። የጻፈችው ሐሰት አልነበረምና።

ገበሬዎቹ ፍርዱን ይዘው ተመለሱ። ሐይቁ ግን መሞላቱን አላቆመም።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው «መሐንዲሶቹ አላወቁም፣ ገበሬዎቹ ግን ያውቁ ነበር» ብሎ ይተርከዋል። ሰነዶቹን ሳነብ የገባኝ ከዚህ የከፋ ነው። መሐንዲሶቹም ያውቁ ነበር። የነዳፊው ልጅ ኤዶአርዶ ሴሜንዛ ጂኦሎጂስት ነበር። ከአንድ የሙያ ባልደረባው ጋር ሆኖ ተራራውን በእግሩ ሲያስስ፣ የቶክ ጎን በቅድመ ታሪክ ዘመን አንድ ጊዜ የተንሸራተተ ግዙፍ ናዳ መሆኑንና ተመልሶ ሊነሣ እንደሚችል ደረሰበት፤ በ1960 በጽሑፍ አቀረበው። ሌሎች ስመ ጥር አማካሪዎች አልተቀበሉትም። በመሣሪያ የተደረገ አንድ ፍተሻም ዐለቱ ጽኑ ነው ብሎ ነበር። ከኅዳሩ ናዳ በኋላ ግን ክርክሩ አበቃ። ኦስትሪያዊው የዐለት ጥናት ባለሙያ ሊዮፖልድ ሙለር የሚንቀሳቀሰውን አካል ወደ 200 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገመተው። አባትየው ካርሎ ሴሜንዛ በ1961 ለአንድ ባልደረባው በጻፈው ደብዳቤ ነገሩ ከአቅማቸው በላይ ሳይሆን እንደማይቀር ተናዝዟል። በዚያው ዓመት ሞተ።

ተራራው ለምን እንደሚሄድ ላስረዳ። የቶክ ጎን የተነባበረ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ንብብሩ ወደ ሐይቁ ያዘቀዝቃል። በንብብሮቹ መካከል ደግሞ ስስ የሸክላ አፈር አለ። ሐይቁ ሲሞላ ውኃ ወደ ተራራው ግርጌ ይሰርጋል። ድንጋዩን በከፊል ያንሳፍፈዋል፣ ሸክላውንም በሁለት ሳንቃ መካከል እንደገባ እርጥብ ሳሙና ያደርገዋል። ዝናብ ከላይ ሲጨመርበት ግፊቱ ይብሳል። ሐይቁ ቶሎ ሲቀነስ ደግሞ በተራራው ውስጥ የቀረው ውኃ ገና ሳይወጣ፣ ከውጭ ደግፎ ይዞት የነበረው የሐይቁ ክብደት ይነሣል። ሲሞላም አደጋ፣ ሲጎድልም አደጋ።

ኩባንያው ይህን ግዙፍ ናዳ በውኃው ከፍታ መግራት እችላለሁ አለ። ሐሳቡ እንዲህ ነበር፤ ሐይቁን ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ተራራው መንቀሳቀስ ሲጀምር ዝቅ ማድረግ፣ እንደገና ከፍ ማድረግ። በዚህ ዓይነት ተራራው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየወረደ ራሱን ያረጋጋል ተብሎ ታሰበ። ናዳው ሐይቁን ለሁለት ቢከፍለው ውኃው የሚያልፍበት ዋሻም በተቃራኒው ዳር ተቆፈረ። ዋሻውን ልብ በሉልኝ። ተራራው አይወርድም ብሎ የሚያምን ሰው እንዲህ ያለ ዋሻ ለመቆፈር ገንዘብ አያወጣም።

ሞዴልም ተሠራ። የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አውጉስቶ ጌቲ ሐይቁን አሳንሶ ሠርቶ፣ በናዳው ፈንታ ጠጠር እየለቀቀ ሞገዱን ለካ። ውኃው ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ከሆነ አያሰጋም የሚል ድምዳሜ ወጣ። ጠጠር ግን ተበታትኖ ነው የሚወርደው። ቶክ ከነደኑ፣ ከነማሳው፣ ከነመንገዱ አንድ አካል ሆኖ ነው የወረደው። ያስነሣውም ሞገድ ሞዴሉ ካሳየው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ከዚህ ስሕተት ይልቅ የሚያበሳጨኝ ሌላው ነው። የኤዶአርዶ ጥናትም ሆነ የዚህ ሞዴል ውጤት፣ ግድቡን እንዲቆጣጠር በመንግሥት ለተሾመው ኮሚሽን አልተሰጡም። ኮሚሽኑ ያላየውን የሎንጋሮኔ ዳቦ ጋጋሪ ከየት ያየዋል?

እዚህ ላይ ነው የእኔ ሐሳብ የሚያርፈው። በቶክ ጎን ላይ የመለኪያ ምልክቶች ተተክለው ነበር። በየጊዜው ይነበባሉ፤ ተራራው ዛሬ ስንት ሚሊ ሜትር፣ ነገ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሄደ በመዝገብ ይሰፍራል። ያ ቁጥር የሚመለከተው ከታች የሚያድሩትን ሰዎች ሕይወት ነው፤ እነሱ ግን አንድ ቀን እንኳ አላዩትም። ቁጥሩ የኩባንያው ንብረት ነበር።

በ1962 መጨረሻ የጣሊያን መንግሥት የኤሌክትሪክ ኩባንያዎችን ወርሶ ኤኔል በተባለ ብሔራዊ ድርጅት ሥር አደረጋቸው። ግድቡም በመጋቢት 1963 ከሳዴ ወደ ኤኔል ዞረ፤ ሰዎቹ ግን እነዚያው ነበሩ። በዚያ ክረምት ሐይቁ ለሦስተኛ ጊዜ ተሞላ፣ 710 ሜትር ደረሰ። በመስከረም ተራራው በቀን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መሄድ ጀመረ። ዝናቡ በረታ። ውኃው ይቀነስ ተባለ፣ መቀነስም ተጀመረ። ተራራው ግን ፍጥነቱን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት በሀያ አራት ሰዓት 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሄዷል። ዛፎቹ አጋደሉ፣ የቶክ መንገድ ተሰነጣጠቀ። በአደጋው ዋዜማ፣ ጥቅምት 8 ቀን፣ ኤርቶ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ በቶክ በኩል ያላችሁ ውጡ፣ ወደ ሐይቁ ዳርም አትቅረቡ የሚል። ሎንጋሮኔ ላይ የተለጠፈ ነገር የለም።

ስለ ሌሊቱ ብዙ ማለት አልፈልግም። ወደ 270 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚሆን ተራራ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሐይቁን ሞላው። ውኃው በአንድ በኩል ወደ ኤርቶ መንደሮች ሄደ፣ በሌላ በኩል ከግድቡ አናት በላይ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ተነሥቶ በገደሉ ውስጥ ወረደ። ከውኃው ቀድሞ በጠባቡ ገደል የታመቀው አየር ደረሰ። የግድቡ ሠራተኞች ከነማደሪያቸው ጠፉ። ሎንጋሮኔ፣ ፒራጎ፣ ሪቫልታ፣ ቪላኖቫ፣ ፋኤ ተጠረጉ። ፒራጎ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ የደወል ግንብ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ከሟቾቹ ግማሾቹ እንኳ ማንነታቸው ተለይቶ በስማቸው አልተቀበሩም።

በዚያ አካባቢ ብዙ ሰው ስደተኛ ነው፤ የአይስክሬም ሙያ ይዘው ጀርመን የሚሠሩ ነበሩ። በሕይወት የቀሩት ሰው አገር ስለነበሩ ነው። ወደ ቤት ሲመለሱ ሚስት የለች፣ ልጅ የለ፣ ቤቱ የቆመበት ቦታም አይታወቅ። በሰው አገር ሆኖ መርዶ መስማት ምን እንደሆነ ቤይሩት ወይም ሪያድ የሠራ ወገኔ አይጠፋውም።

ቦታውን አይቼዋለሁ። ቬሮና የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በመኪናው ወሰደኝ። ከሎንጋሮኔ ሽቅብ ስትመለከቱ ግራጫው ግንብ በሁለቱ ቋጥኞች መካከል ተሰክቶ ይታያል፤ ከሥሩ የሚኖሩት ሰዎች ጠዋት መስኮት ሲከፍቱ የሚያዩት እሱን ነው። ወደ ላይ ወጥተን በአጥሩ ላይ የሞቱት ልጆች ስም የተጻፈባቸው ባለ ቀለም ጨርቆች ተሰቅለው አገኘን። የአክስቴ ልጅ ቀስ እያለ አንድ በአንድ አነበባቸው፤ በመካከሉ የልጁን ዕድሜ ከነሱ ጋር ያስተያይ እንደነበር ፊቱ ይናገራል። ከግድቡ ጀርባ ዞር ስንል «ወንድሜ፣ ሐይቁ የታለ?» አለኝ። ፊት ለፊታችን ያለው በዛፍ የተሸፈነ ኮረብታ ነው። አስጎብኚዋ በጣቷ ወደ ደቡብ አሳየችን፤ የቶክ ጎን ላይ የተላጠ፣ ልሙጥ፣ ነጣ ያለ ግዙፍ ዐለት አለ። እኛ የምናየው ኮረብታ ከዚያ የወረደው ነው። ስልሳ ዓመት ያለፈው ዛፍ በቅሎበታል። ሐይቅ የነበረው ከሥሩ ነው።

በማግሥቱ የአገሪቱ ታላላቅ ጋዜጦች የተፈጥሮ አደጋ ነው አሉ፤ አንቱ የተባሉ ጸሐፊዎች ሰው አልበደለም ብለው ተከራከሩ። ማስጠንቀቂያ የሰጡት ወገኖች በሬሳ ላይ ፖለቲካ ይሠራሉ ተብለው ተወቀሱ። ማሪዮ ፋብሪ የተባለ ወጣት መርማሪ ዳኛ ግን ሰነዶቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ። ችሎቱ ከአደጋው ቦታ እጅግ ወደ ራቀችው ላኩዊላ ከተማ ስለተዛወረ፣ ቤተሰቡን የቀበረ ሰው ፍትሕ ፍለጋ ጣሊያንን ከሰሜን ወደ መካከል ማቋረጥ ነበረበት። በ1968 ችሎቱ ሊጀመር ሲል ከተከሳሾቹ አንዱ፣ ኢንጂነር ማሪዮ ፓንቺኒ፣ ራሱን አጠፋ። ለእሱም አዝናለሁ፤ ከሚያውቁትም ከሚጨነቁትም አንዱ ነበር። በ1971 የሰበር ፍርድ ቤቱ አደጋው አስቀድሞ ሊታወቅ ይችል ነበር ብሎ ወሰነ። የኩባንያው ኃላፊ የነበረው ኢንጂነር አልቤሪኮ ቢያዴኔ አምስት ዓመት፣ የመንግሥት መሐንዲስ የነበረው ፍራንቼስኮ ሴንሲዶኒ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ተፈረደባቸው፤ ከሁለቱም ላይ ሦስት ሦስት ዓመት በምሕረት ተነሣ። ለ1,917 ሰው የተከፈለው ይህ ነው። ሲነገረኝ ደሜ ይፈላል።

ቲና ሜርሊን የምታውቀውን ሁሉ በመጽሐፍ አድርጋ ጻፈችው፤ አሳታሚ አግኝቶ የወጣው ግን አደጋው ከደረሰ ከሀያ ዓመት በኋላ በ1983 ነው። በ1991 አረፈች። የችሎቱ ሰነዶች ደግሞ በላኩዊላ ሲቀመጡ ቆይተው፣ ከተማዋ በ2009 በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ወደ ቤሉኖ መጡ፤ በ2023 ዩኔስኮ በዓለም የሰነድ ቅርስነት መዘገባቸው። ያ ማንም እንዳያየው የተደረገው ጥናት፣ ያ የሞዴል ውጤት፣ ያ ዕለታዊ የተራራ ጉዞ ቁጥር፣ ዛሬ የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ተብሏል።

ለእኛስ? ከግድብ በታች የሚኖር ወገን አለን፤ በተከዜ ሸለቆም፣ በግቤና በኦሞ ዳርም። ግድቦቻችን ይወድቃሉ እያልኩ አይደለም፣ እንዲህ የምልበት ዕውቀትም የለኝም። የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፤ በግድቡና በዳሩ ተራራ ላይ የሚለካው ቁጥር ከታች ባለው ቀበሌ በአማርኛም፣ በትግርኛም፣ በዳሰነችኛም ይነበብ። ስዊዘርላንድ ውስጥ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ረቡዕ የአደጋ ሳይረን በመላ አገሪቱ ይሞከራል፤ ከትልልቅ ግድቦች በታች ያለው ሕዝብ የውኃ አደጋ ሳይረን የትኛው እንደሆነ፣ ሲሰማ በየትኛው መንገድ ወደ ከፍታ እንደሚወጣ ከልጅነቱ ይማራል። ይህን ማድረግ ግድብ ከመሥራት በእጅጉ ይረክሳል፣ ሕዝቡም አይደናገጥበትም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ሕዝብ ማስጠንቀቂያ እንዴት እንደሚቀበል ያውቃል።

ኤርቶ ላይ ያ ማስታወቂያ ከተለጠፈበት ቀን እስከ ማግሥቱ ምሽት 4 ሰዓት ከ39 ድረስ ሙሉ ቀንና ሙሉ ሌሊት ነበር። ከኤርቶ እስከ ሎንጋሮኔ በመኪና ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ቅጂ የያዘ አንድ ሰው መላክ በቂ ነበር።